በሰሜን ቴክሳስ የጓሮ መዋኛ ገንዳ ማሠራት፦ የኮንትራክተሮቹ ጥቅል ዋጋውን ያወጣል?

በዳላስና በፎርት ዎርዝ ዙሪያ፣ ብዙ ወገኖቻችን ቤት በገዙባቸው በጋርላንድና በፕላኖ ጭምር፣ የገንዳ ገንቢዎች አገልግሎት ከድርጅት ድርጅት ብዙም አይለያይም። ሻጩ ታብሌቱን ይዞ ይመጣል፣ ጓሮዎን በሥዕል ገንብቶ ያሳይዎታል፣ ፏፏቴና ባለ ቀለም መብራት ይጨምርበታል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ድምር ዋጋ ይሰጥዎታል። በዚያ ድምር ውስጥ ቁፋሮ፣ ፌሮ፣ በግፊት የሚረጭ ኮንክሪት፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ሥራ፣ የውሃ መስመር ታይል (የውሃው ገጽ በሚደርስበት ከፍታ ዙሪያውን የሚለጠፈው)፣ የጠርዝ ድንጋይ፣ ዴክ (በገንዳው ዙሪያ ያለው መረገጫ)፣ የውስጥ ፊኒሺንግና ፓምፕ ከነማጣሪያው አሉ። እዚህ የምንመዝነው ይህንኑ ጥቅል ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ጥቅሉ በሚታየው ነገር ለጋስ፣ በሚቀበረው ነገር ግን ቆጣቢ ነው። የፊኒሺንግ ምርጫው ሰፊና ጥሩ ነው፤ ፓምፕና ማጣሪያውም አስተማማኝ ነው። የአፈር ጥናት ግን አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ በገንዳው ጠርዝና በዴኩ መካከል ያለው መጋጠሚያ ደግሞ ከሥራው ሁሉ ችላ የሚባለው ነው። ለፏፏቴው የታሰበው ገንዘብ መሬት ውስጥ ቢገባ ባለቤቱን ብዙ ጊዜ ይጠቅመዋል።

ልኩን ለመያዝ እንዲመች አንድ የተለመደ ገንዳ እንውሰድ፦ 15 በ30 ጫማ፣ ጥልቀቱ ከ3.5 እስከ 6.5 ጫማ። አማካይ ጥልቀቱ 5 ጫማ ስለሆነ 16,800 ጋሎን ገደማ፣ ማለትም ወደ 64 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ውሃው ብቻውን 64 ቶን ገደማ ይመዝናል። ለቅርፊቱ፣ ማለትም ለገንዳው የኮንክሪት አካል፣ እንደ ደረጃውና እንደ መቀመጫው ብዛት ከ25 እስከ 30 ኪዩቢክ ያርድ ኮንክሪት፣ ለዙሪያው 90 ጫማ የጠርዝ ድንጋይ፣ ቁመቱ 6 ኢንች ለሆነ የውሃ መስመር ከነብክነቱ 50 ካሬ ጫማ ታይል፣ ዙሪያውን በ4 ጫማ ስፋት ለሚዞር ዴክ ደግሞ 424 ካሬ ጫማ ንጣፍ ያስፈልጋል። የሚቀርብልዎ ዋጋ ኮንክሪቱን 18 ያርድ ካለ ግድግዳው የት ላይ እንደሳሳ ይጠይቁ።

አፈሩ

ዳላስን ይዞ ወደ ደቡብ የሚወርደው ጥቁር ጭቃ ሂውስተን ብላክ ይባላል፤ እንደ ቢሾፍቱና እንደ አቃቂ መረሬ ሁሉ ቬርቲሶል በሚባለው የአፈር ምድብ ውስጥ ነው። መረሬ ላይ ቤት የሠራ ሰው ጠባዩን ያውቃል። ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ሲርስ ያብጣል፣ ሲያብጥም ከላዩ ያለውን ይዞ ይነሣል። ገንዳ በአንድ ጎኑ ብቻ ሲነሣ ወዲያው የሚያሳብቀው ውሃው ነው፤ ውሃ ምንጊዜም ልኩን ስለሚጠብቅ በአንደኛው ጫፍ ታይሉን ሙሉ ለሙሉ ሸፍኖ በሌላኛው ጫፍ ከታይሉ በታች ወርዶ ይታያል። ይህን ማቃናት ከሌላው ጥገና ሁሉ የሚከብድና የሚወደድ ነው።

መድኃኒቱ ከቁፋሮው በፊት የአፈር ምርመራ ማሠራት ነው። የጂኦቴክኒክ መሐንዲስ ገንዳው በሚያርፍበት ቦታ ከወለሉ በታች የሚወርድ ጉድጓድ ቦርቡሮ ናሙና ያወጣል። ሪፖርቱ ሲደርስዎ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው ፕላስቲሲቲ ኢንዴክስ ነው፤ ከፍ ባለ ቁጥር አፈሩ ይበልጥ ያብጣል። ሁለተኛው ፒቪአር የሚባለው ነው፤ አፈሩ ቀጥ ብሎ ስንት ኢንች ሊነሣ እንደሚችል ይናገራል። መሐንዲሱ በነዚህ ላይ ተመሥርቶ ከሦስት መንገዶች አንዱን ወይም ሁለቱን ያዛል፦ ጭቃውን አውጥቶ በማያብጥ ሙሌት መተካት፣ ውሃ በግፊት አስገብቶ አፈሩን ቀድሞ ማሳበጥ፣ ወይም ወደ ታች የሚወርዱ የኮንክሪት ምሰሶዎች ማቆም። ምሰሶ ከተመረጠ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ በምሰሶ ላይ ማረፍ አለበት። ግማሹ በምሰሶ ግማሹ በአፈር ላይ ያረፈ ገንዳ የሚሰነጠቀው ልክ ሁለቱ በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው።

እዚህ ላይ በጥቅሉ ላይ ያለን ትልቁ ቅሬታ ይመጣል። ብዙ ውሎች የአፈር ጥናቱን ዋጋ ውስጥ አያስገቡም፤ በዚያው ውል የዋስትና ክፍል ደግሞ በአፈር እንቅስቃሴ የሚመጣ ጉዳት አይሸፈንም ይላሉ። ሳይመረምሩ መቆፈር፣ ከዚያም ውጤቱን ለባለቤቱ መተው ማለት ነው። ይህን አንቀጽ ካዩ ጥናቱን በራስዎ ወጪ አሠርተው፣ የቅርፊቱ ንድፍ ሪፖርቱን ተከትሎ በቴክሳስ ፈቃድ ባለው መሐንዲስ ማኅተም እንዲወጣ በውሉ ውስጥ ያስጽፉ። ከመቆፈሩ በፊት 811 ተደውሎ የጋዝና የኤሌክትሪክ መስመሮች ምልክት መደረጋቸውንም ያረጋግጡ፤ አገልግሎቱ ነፃ ነው። ነጭ የኖራ አለት ባለበት ሰፈር ደግሞ ውሉ ስለ አለት ቁፋሮ ተጨማሪ ክፍያ ምን እንደሚል አስቀድመው ያንብቡ።

ቅርፊቱ

የፌሮ ሥራው በአብዛኛው ደህና ይሠራል። መነሻው 3/8 ኢንች ውፍረት ያለው፣ በእኛ ፌራዮዎች አነጋገር ባለ 10 ፌሮ፣ በየ12 ኢንቹ የታሰረ ነው። በሚያብጥ አፈር ላይ መሐንዲሶች ልዩነቱን ያጠብቡታል ወይም ባለ 12ን ይጨምራሉ። ማየት ያለብዎት ፌሮው ከአፈሩ ምን ያህል እንደራቀ ነው፤ በአፈር በኩል 3 ኢንች የኮንክሪት ሽፋን ሊኖረው ይገባል። አፈር ላይ የተኛ ፌሮ ካዩ ከሥሩ ስፔሰር ሳይገባ ኮንክሪት እንዳይረጭ ያስቁሙ። አፈር የነካ ፌሮ ይዝጋል፣ ዝገቱ ያብጣል፣ ከዓመታት በኋላ በፊኒሺንጉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

የኮንክሪቱ ጥንካሬ ከ4,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በካሬ ኢንች) ማነስ የለበትም፤ ውሉ ላይ ቁጥሩ ይጻፍ። ደረቅ ድብልቅ በናዝሉ አፍ ላይ ከውሃ ጋር የሚገናኝበት ጋናይት ይባላል፣ አስቀድሞ በውሃ ተቦክቶ የሚመጣው ደግሞ ሾትክሪት። ሁለቱም በጥሩ እጅ ጥሩ ናቸው። ልዩነቱን የሚያመጣው ናዝሉን የያዘው ሰው ነው።

በርጭቱ ቀን ዓይንዎን ደረጃዎቹና መቀመጫዎቹ ላይ ያድርጉ። ኮንክሪቱ በፍጥነት ከግድግዳው ጋር ሲጋጭ አሸዋና ጠጠሩ ከፊሉ ነጥሮ ይመለስና ወለሉ ላይ ይከመራል። ይህ ተመላሽ ሲሚንቶው የከዳው ልቅ ነገር ነው፤ እፍኝ ሙሉ ቢዘግኑት በጣትዎ መካከል ይፈስሳል። ወጥቶ መጣል አለበት። የቸኮለ ቡድን ግን በአካፋ እየዛቀ ደረጃውን ይሞላበታል፣ ከላይ ሁለት ኢንች ጥሩ ኮንክሪት ይረጭበትና በማለስለሻ ያስተካክለዋል። በዚያን ቀን ከሌላው ደረጃ ለመለየት ያስቸግራል። በሳምንቱ በመዶሻ ሲመቱት ግን ግድግዳው የሚሰጠው ድምፅ ጥርት ያለ ሲሆን የደረጃው ባዶ ይሆናል። ከሥራው ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ሳይት ላይ መቆም ከቻሉ ይህንን ቀን ይምረጡ፤ ተመላሹ ተጠርጎ እንደሚወጣም በውሉ ላይ በአንድ መስመር ያስጽፉ።

ከርጭቱ በኋላ ኮንክሪቱ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ብዙ ገንቢዎች ይህን ለባለቤቱ ይተዉታል። በቴክሳስ ፀሐይ ጠዋትና ማታ ብቻ ማርከፍከፍ አይበቃም፤ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ከሰዓት መቆጣጠሪያ ጋር ተክሎ ቀኑን ሙሉ በየሰዓቱ እንዲረጭ ማድረግ ርካሽና አስተማማኝ ነው። ፊኒሺንጉ ከመለሰኑ በፊትም 28 ቀን ማሳለፍ እንመርጣለን። ጥሩ ቅርፊት ያለ ልስን ውሃ መያዝ የሚችል ነው፤ ልስኑ ውሃ ያቆማል የሚል ገንቢ ካጋጠመዎ በቅርፊቱ እንደማይተማመን ይቁጠሩት።

ቧንቧ፣ ኤሌክትሪክና መሣሪያ

በዚህ በኩል ጥቅሉ ጥሩ ነጥብ ያገኛል፤ ባጭሩ እንለፈው። የምሳሌያችንን ገንዳ ውሃ በ8 ሰዓት አንድ ጊዜ ለማዞር በደቂቃ 35 ጋሎን ይበቃል። ባለ 2 ኢንች ቧንቧ በመምጠጫው በኩል በሰከንድ 6 ጫማ ፍጥነት 60 ጋሎን ገደማ ስለሚያሳልፍ ይመቻል፤ ባለ 1.5 ኢንች ግን በዚያው ፍጥነት ከ40 በታች ስለሆነ አይቀበሉት። ቧንቧው በ30 ፒኤስአይ ግፊት ተሞልቶ፣ ጌጁ ተገጥሞበት፣ ዴኩ እስኪፈስስ ድረስ መቆየት አለበት። ጌጁ ከወረደ ቀዳዳ መኖሩ ገና ኮንክሪት ሳይሸፍነው ይታወቃል።

ባለ ተለዋዋጭ ፍጥነት ፓምፕ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2021 የፌዴራል መመሪያ ወዲህ የተለመደው ሆኗል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የሚበላው ኃይል ወደ ስምንት እጅ አንዱ ስለሚወርድ፣ ቀስ እያለ ረጅም ሰዓት ቢሠራ ነው የሚያዋጣው። ከፔንትኤር፣ ከሄይዋርድና ከጃንዲ የትኛውም ያገለግላል፤ ምርጫው በአቅራቢያዎ ጥሩ ጠጋኝ ያለው ይሁን። የካርትሪጅ ማጣሪያ ከሆነ ከ400 ካሬ ጫማ በላይ የሆነውን ይውሰዱ፤ አነስተኛው በየሳምንቱ እያሳጠባችሁ ያስመርራችኋል።

ደኅንነቱ ላይ ድርድር የለም። የታችኛው መምጠጫ ሁለት ሆኖ ቢያንስ 3 ጫማ መራራቅ፣ ክዳኑም እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣውን የመምጠጫ ክዳን ሕግ የሚያሟላ መሆን አለበት፤ አንድ መምጠጫ ብቻ ሲኖር የሰውን አካል ወይም ፀጉር ይዞ ሊያስቀር ይችላል። ፌሮው፣ የዴኩ ብረት፣ የብረት መያዣዎቹ፣ የፓምፑ ሞተርና ውሃው ራሱ፣ ሰውን ኤሌክትሪክ እንዳይነዝረው፣ ቁጥር 8 በሆነ ድፍን የመዳብ ሽቦ እርስ በርስ መያያዝ አለባቸው። የከተማው ኢንስፔክተር ይህን ኮንክሪት ከመረጨቱ በፊትና እንደገና ዴኩ ከመፍሰሱ በፊት ያያል። ሁለተኛውን ፍተሻ የሚዘልሉ አሉ፤ ወረቀቱን ጠይቀው ይያዙ። አጥሩ ቢያንስ 48 ኢንች፣ በሩ በራሱ የሚዘጋና የሚቆለፍ፣ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን።

ፊኒሺንጉ

ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ ምርጫውም በእርግጥ ያጓጓል።

ርካሹ ነጭ ልስን ነው። ነጭ ሲሚንቶና የእብነ በረድ ድቃቂ ተቦክቶ ከ3/8 እስከ 1/2 ኢንች ውፍረት ይለሰናል። ውሃው በደንብ ከተያዘ ከ7 እስከ 10 ዓመት ይቆያል። ንጹሕ ሰማያዊ ውሃ ይሰጣል፣ እግር አይቧጭርም፣ ነገር ግን አሲድ ባየለበት ውሃ ቶሎ ይበላል። ቀለም የተጨመረበትን ተራ ልስን አንመክርም፤ ደመና የመሰለ ዥንጉርጉርነት አይጠፋበትም። ለዚህ ከሚዳርጉት አንዱ ቶሎ እንዲደርቅ ተብሎ የሚጨመረው ካልሲየም ክሎራይድ ነው፤ ከሲሚንቶው ክብደት 2 በመቶ ካለፈ ልስኑ በቦታ በቦታ ግራጫ ይሆናል። በክረምት ለሚለሰን ገንዳ ይህንን ቁጥር ጠይቁ።

ቀጥሎ ኳርትዝ አለ። በእብነ በረዱ ፋንታ የኳርትዝ ቅንጣት ይገባበታል፤ አሲድ በቀላሉ አይበላውም፣ ቀለሙም ቅንጣቱ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ አይደበዝዝም። ከ10 እስከ 15 ዓመት ይጠበቅበታል። ልጆች ላሉበት ቤት በዋጋና በዕድሜ ሚዛን የእኛ ምርጫ ይኸው ነው።

ፔብል፣ ማለትም ጠጠር የተቀላቀለበት ልስን፣ ዕድሜው ከሁሉም ይረዝማል፤ ከ15 እስከ 20 ዓመት። ዋናው ስም የአሪዞናው ፔብል ቴክ ሲሆን ምርቱ በጠጠሩ መጠን ይከፋፈላል፦ ፔብል ቴክ ሸካራው፣ ፔብል ሺን ደቀቅ ያለው፣ ፔብል ፊና ደግሞ ልሙጥ ሊባል የሚችለው ነው። ሸካራው ሲያዩት የወንዝ ዳርቻ ይመስላል፣ ቀኑን ሙሉ በጥልቀት የለሹ በኩል የሚሯሯጥ ሕፃን ግን የእግሩን ጣት ይልጠዋል። ሺን ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ፔብልን የሚያበላሸው እጥበቱ ነው። ልስኑ ሲጠነክር ከላይ ያለው ሲሚንቶ ታጥቦ ጠጠሩ እንዲወጣ ይደረጋል። ብዙ ከታጠበ ጠጠሩ መያዣ አጥቶ በየጊዜው እየተነቀለ ወለሉ ላይ ይገኛል፤ ካነሰ ደግሞ ነጭ ጭረት ያለበት ልጣጭ በየቦታው ይቀራል። ውሃ ከመግባቱ በፊት መዳፍዎን ከግድግዳው ወደ ወለሉ በሚዞረው ክብ ማዕዘን ላይ ያሂዱ፤ ጥድፊያ ሁልጊዜ የሚታየው እዚያ ነው።

ሙሉ የብርጭቆ ሞዛይክ የጠየቀ ባለቤት ቆም ብሎ ያስብ። ውበቱ ወደር የለውም። ግን ቅርፊቱ አስቀድሞ በተለየ ልስን ተስተካክሎ፣ በውሃ መከላከያ ተለብጦ፣ በነጭ ማጣበቂያ ከጀርባው አየር ሳይቀር መለጠፍ አለበት። ከጀርባው ክፍተት የቀረበት ሞዛይክ ውሃ ይቋጥራል፣ በውርጭ ይነሣል። ይህን ሥራ ዘወትር የሚሠራ ባለሙያ ካልተገኘ ሞዛይኩን ለደረጃ ጠርዝና፣ ካለ፣ ለስፓው (ለትንሹ የሙቅ ውሃ ገንዳ) ብቻ ይወስኑት። ለውሃ መስመሩ ፖርሴሊን ይበቃል፤ ውሃ የመምጠጥ መጠኑ ከ0.5 በመቶ የማይበልጥ ስለሆነ ውርጭ አይሰነጥቀውም። ተራ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ግን ይሰነጠቃል።

ቀለም ሲመርጡ በደረቅ ናሙና አይወስኑ። ነጭ መደብ ውሃውን ፈዛዛ ሰማያዊ፣ ግራጫው ጠቆር ያለ ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ጥልቀቱ ሲጨምር ደግሞ ሁሉም ይጠቁራል። ገንቢው ያሠራውንና ቢያንስ ሦስት ዓመት የቆየ ገንዳ በቀትር ብርሃን እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ አዲስ ገንዳ ሁሉ ቆንጆ ነው። ጥቁር ፔብል ላይ ከጠንካራ ውሃና ከትነት የሚቀረው ነጭ የካልሲየም ንብርብር ፈጥጦ እንደሚታይም አስቀድመው ይወቁ።

ልስኑ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቡድን፣ ሳይቋረጥ ያልቃል። ከዚያ ውሃው መቆም የለበትም፤ የቱቦው ጫፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ በጥልቁ በኩል ይቀመጥና እስከ ታይሉ መካከል ይሞላል። ሌሊት ተዘግቶ ጠዋት የተከፈተ ውሃ ግድግዳው ላይ የማይለቅ ቀለበት ይተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቀን ሁለት ጊዜ በብሩሽ መጥረግ፣ ፒኤችን (የውሃውን የአሲድነት ልክ) በየቀኑ መለካትና ከ7.2 እስከ 7.8 መያዝ፣ አልካላይኒቲን (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘውን) ከ80 እስከ 120 ፒፒኤም፣ የካልሲየም ጥንካሬን ከ200 እስከ 400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ማድረስ ያስፈልጋል። ባለ ጎማ መጥረጊያና ክሎሪን ለሚሠራው መሣሪያ የሚጨመረው ጨው ለ28 ቀን አይገቡም። ጥቅሉ ይህን ጅማሮ የመጀመሪያ ሳምንት ብቻ የሚሸፍን ከሆነ እስከ 28ኛው ቀን ያስረዝሙት፤ የልስን ዋስትና ላይ ክርክር የሚነሣው ሁልጊዜ በዚህ ወር በተሠራው ነው።

ጠርዙና ዴኩ

ለጠርዝ ድንጋይ ትራቨርቲን፣ የቴክሳሱ ሉደርስ የኖራ ድንጋይና የኦክላሆማ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይቀርባሉ። ክሎሪን የሚሠራ የጨው መሣሪያ ካለ ለስላሳዎቹን ድንጋዮች ይፍሩ። የተረጨው ውሃ ሲደርቅ ጨው በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ጠጥሮ ያብጣል፣ ፊቱንም እንደ ቅርፊት ይልጠዋል። ጠንከር ያለ ድንጋይ ይምረጡ፣ ወይም መከላከያ ቅባቱን ውል አድርገው በየጊዜው ያስደግሙ።

አሁን ወደ መጋጠሚያው እንምጣ። ገንዳው ራሱን የቻለ አንድ አካል ነው፣ ዴኩ ሌላ። ጭቃው ሁለቱን በየፊናቸው ያንቀሳቅሳቸዋል። ስለዚህ በጠርዙ ድንጋይና በዴኩ መካከል ከ3/8 እስከ 1/2 ኢንች የሆነ ክፍተት ዙሪያውን ሳይቋረጥ፣ ከላይ እስከ ታችኛው የዴኩ ኮንክሪት ድረስ መኖር አለበት። ውስጡ የአረፋ ገመድ ይገባል፣ ከላዩ ተለጣጭ ማሸጊያ ይፈስስበታል። ሥራው ቀላል ነው፣ የሚበላሸውም በቀላሉ ነው። ጠርዙን የገነባው ሰው የተረፈ ሞርታር በክፍተቱ ውስጥ ይጥላል፣ ወይም የዴኩ ኮንክሪት በጠርዙ ድንጋይ ሥር ይሰርጋል፣ ከላይ ግን ማሸጊያው አምሮ ይታያል። በመጀመሪያው ዝናባማ ወቅት ዴኩ ሲያብጥ በዚያች ጓል በኩል የገንዳውን ጫፍ ይገፋል፤ ውጤቱ በውሃ መስመሩ ታይል ላይ አግድም የሚሄድ ስንጥቅና የሚረግፍ ታይል ነው። ባለቤቱ ታይሉ ጥራት የለውም ብሎ ታይል ያስቀይራል፣ በዓመቱ ይደገማል። ማሸጊያው ከመፍሰሱ በፊት ቀጭን ቢላዋ ወይም የቀለም መፋቂያ ይዘው ዙሪያውን በየጫማው ወደ ታች ይስደዱት። የሚነካው ደረቅ ነገር ካለ አስወጥተው ይቀበሉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው የዴክ ችግር ሙሌቱ ነው። ገንዳው ሲቆፈር ከቅርፊቱ ውጭ የሚተርፈው ክፍተትና የቧንቧ ቦዮቹ በልቅ አፈር ይሞሉና ሳይጠቀጠቁ ዴክ ይለብሳሉ። በሁለተኛው ዓመት ከገንዳው ጠርዝ አጠገብ ያለው የዴክ መስመር ሰምጦ ውሃ ወደ ገንዳው ያዘነብላል። ሙሌቱ በየ6 ኢንቹ እየተጠቀጠቀ ይግባ፤ ይህም በውሉ ይጻፍ። የዴኩ ተዳፋት በየጫማው 1/4 ኢንች ከገንዳው ወደ ውጭ ነው፤ በ4 ጫማ ስፋት ላይ አንድ ኢንች ማለት ነው። ውሃው ወደ ቤቱ መሠረት እንዳይሄድ መውረጃው አስቀድሞ ይታሰብ፤ የጭቃው እብጠት ቤቱንም አይምርም።

ስለ ንጣፉ ምርጫ፦ በመጥረጊያ የተሸካከረ ኮንክሪት፣ 4 ኢንች ውፍረት ከነፌሮው፣ በየ8 እስከ 10 ጫማው መቁረጫ መስመር ያለው፣ ርካሽና ጠንካራ ነው። ቅርጽ የታተመበት ኮንክሪት ያምራል፣ ግን የሚቀባው ማሸጊያ ሲረጥብ ያዳልጣል፤ አሸዋማ ዱቄት ካልተጨመረበት ለገንዳ አይሆንም። ስንጥቁም ሲጠገን መታወቁ አይቀርም። በዚህ ጭቃ ላይ የእኛ ምርጫ በተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ ያለ ሲሚንቶ የሚነጠፍ 1.25 ኢንች ውፍረት ያለው ትራቨርቲን ነው። በነሐሴ ቀትር በባዶ እግር ይረገጣል፣ አፈሩ ሲያነሣው ደግሞ የተነሣው ቦታ ብቻ ተፈቶ ይስተካከላል። ከሥሩ ከ4 እስከ 6 ኢንች የተፈጨ ድንጋይ፣ አንድ ኢንች ማንጠፊያ አሸዋ፣ በውጭው ጠርዝ ደግሞ እንዳይሸሽ መያዣ ይፈልጋል። ሁለተኛ ደረጃ ተብሎ በርካሽ የሚመጣው ትራቨርቲን ማዕዘኑ ቶሎ ይረግፋል፤ ከእያንዳንዱ ፓሌት ሁለት ሦስት ድንጋይ አውጥተው ጠርዙን በቁልፍ ይፋቁት።

መሬቱ ተዳፋት ከሆነና ከፍ ያለ ዴክ ካስፈለገ እንደ ትሬክስ ያለው የእንጨትና የፕላስቲክ ቅልቅል ሳንቃ ቦታውን ያገኛል። አይበሰብስም፣ ስንጥር አይወጣውም። በፀሐይ ግን ክፉኛ ይግላል፣ ይልቁንም ጠቆር ያለው፤ ነጣ ያለ ቀለም ይምረጡ። ከሥሩ ያሉት አግዳሚዎች በየ16 ኢንቹ፣ ሳንቃው በሰያፍ ከተነጠፈ በየ12 ኢንቹ ይቁሙ። ሳንቃው በሙቀት ስለሚረዝም ጫፍና ጫፉ አምራቹ ያዘዘውን ክፍተት ይፈልጋል፤ ተጣብቆ የተነጠፈ በበጋ ይጎብጣል። ብሎኖቹ ከማይዝግ ብረት ይሁኑ፤ ከሥሩ ወዳሉት ቫልቮች የሚያደርስ ተነቃይ ክዳንም ይተው።

ክፍያው

ቴክሳስ ለገንዳ ገንቢ የግዛት ፈቃድ አትጠይቅም፤ ስለዚህ የባለቤቱ ትልቁ መሣሪያ የክፍያ መርሐ ግብሩ ነው። የተለመደው መርሐ ግብር ኮንክሪቱ በተረጨ ማግስት አብዛኛውን ገንዘብ ያስከፍላል፤ ያን ጊዜ ግን ዴኩ፣ መጋጠሚያውና ልስኑ፣ ማለትም አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሣባቸው ሥራዎች፣ ገና ናቸው። ለነዚህ ሦስቱ ቢያንስ ከሦስት አንዱ ገንዘብ እንዲቀር ይደራደሩ። በየክፍያው ኮንክሪት አቅራቢው፣ ታይል ሠሪውና ሌሎቹ ሰብ ኮንትራክተሮች ገንዘባቸውን መቀበላቸውን የሚያረጋግጥ የዕዳ ነፃ ወረቀት ይቀበሉ። ዋናው ገንቢ ሳይከፍላቸው ቢቀር በቤትዎ ላይ የዕዳ መብት ሊያስመዘግቡ ይችላሉ። የቴክሳስ የንብረት ሕግ ባለቤቱ ከውሉ ዋጋ 10 በመቶውን ሥራው ካለቀ በኋላ ለ30 ቀን ይዞ እንዲቆይ የሚያዘው ለዚህ ነው። መኖሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራው ሳይጀመር መፈረም ያለባቸው ወረቀት አለ፤ ሲቀርብላችሁ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡት።

በነዚያ 30 ቀናት ውስጥ አውቶማቲክ የውሃ መሙያውን ዘግተው የባልዲ ሙከራ ያድርጉ፤ መሙያው ክፍት ከሆነ ፍሳሹን እየሸፈነ ይደብቀዋል። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልተው ደረጃው ላይ ያስቀምጡ፣ የባልዲውንም የገንዳውንም ልክ ምልክት ያድርጉ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ያወዳድሩ። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ትነት ነው፤ በበጋ በቀን ሩብ ኢንች ገደማ መውረዱ የተለመደ ነው። ገንዳው ከባልዲው አብልጦ ከወረደ ፓምፑ ቆሞም እየሠራም ይድገሙት፤ ፓምፑ ሲሠራ ብቻ የሚብስ ከሆነ ፍሳሹ ያለው በመመለሻ ቧንቧው ላይ ነው። ያንን 10 በመቶ የሚለቁት ይህ ተገኝቶ ከተጠገነ በኋላ ነው።